«ወራጅ አለ» ያላልኩባቸው ደብሮች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ጭምር። ለእሳቸው ጾም መግደፌን፣ ታናሽ እህቴን መቆንጠጤን ሁሉ ተናዝዤ፣ ይህችን ግን ከምላሴ ሥር ደብቄ ወጣሁ። ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ፤ ፍረዱኝ። ግን አስቀድሜ ልናገር፦ አንገቴን ደፍቼ አይደለም የምናዘዘው።

አያቴ ደብረ ማርቆስ የዜማ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለዩም። ባለፈው ክረምት ለምርመራ አዲስ አበባ ሲቀጠሩ መሪ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ።

አባባ በአገራችን ወግ ነው የሚሄዱት። በበቅሎ ያለ ሰው ደብር ሲደርስ ወርዶ፣ ተሳልሞ ነው የሚያልፍ። ለእሳቸው ታክሲም በቅሎ ነው። አዲስ አበባ ገና ታክሲ ስንሳፈር «ቤተ ክርስቲያን ስናገኝ ንገሪኝ» አሉኝ። የመጀመሪያውን ነገርኳቸው። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኼ ወረድን፣ ተሳለሙ። ከዚያ ታክሲ ከየት ይምጣ? ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ሌላ መንገድ ገብቷል። ስንጋፋ ቆይተን አንዱ ወያላ «ፋዘር፣ ጠጋ ጠጋ!» እያለ አጨናንቆ አስገባን።

«ምን አለኝ?» አሉ አባባ።

«አባቴ ማለቱ ነው።»

«ታዲያ አባቱን እንዲህ ይገፋል?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ግን አልነገርኳቸውም። ሌላ ደብር መጣ፤ ዝም። ሌላም መጣ፤ ዝም። ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ሲሰማቸው «ይህ የየትኛው ደብር ነው?» አሉ። «የሾፌሩ ሬዲዮ ነው አባባ» አልኩ።

ቀጠሮው ሊያልፍብን ነበር ብዬ ላመካኝ? እውነት ነው፣ ሊያልፍብን ነበር። ደረስን፣ ታዩ፣ «ይድናል፤ ለቀዶ ሕክምና ትመለሳላችሁ» ተባልን። ስንመለስስ? ስንመለስ ማን አስቸኮለኝ? ማንም! ከተማው ነው የያዘኝ። ወዳረፍንበት አክስቴ ቤት በአንድ ታክሲ መግባት ስንችል አባባን ባቡር ላይ ጫንኳቸው። ከዳር እስከ ዳር ሄድን፤ ደግሞ ዞረን በሌላው አቅጣጫ። እኔ በባጃጅ ቶሎ ከሚያልቅ ከተማ የመጣሁ ልጅ፣ ከታክሲዎቹ ጣሪያ በላይ ስንሳፈፍ ምን ልሁን? አለቀ ስል ሌላ ሰፈር ይጀምራል! ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፦ መስታወት የለበሰ ፎቅ፣ ሞተር ላይ በግ አቅፎ የተቀመጠ ሰውዬ፣ መኪናቸውን መንገድ መሐል አቁመው የሚሰዳደቡ ሾፌሮች። እየሳቁ «ዓይኔ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ቀጥለው ቀስ ብለው «መስቀል አይታይሽም?» አሉ።

ጉልላቱ ፊት ለፊቴ ያበራ ነበር። አይታየኝም አልኩ። እኔ፣ ዓይናቸው፣ አይታየኝም አልኩ። ብነግራቸው እንወርዳለን፤ እኔ ደግሞ መውረድ አልፈለግሁም።

አገራችን ስንገባ ነገሩ ሌላ ሆነ። አባባ ለተማሪዎቻቸው «ያን ሁሉ አገር ስዞር ውዬ ከአንዲት ደጅ በቀር አልተሳለምሁም፤ በኃጢአቴ ተሰውረውብኝ ነው» አሉ። በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ስግደት ጀመሩ። የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቃረብም «አልሄድም» አሉ። «ደብር የተሰወረበት ሰው ዓይን ምን ያደርግለታል?» እናቴ አለቀሰች፤ ጎረቤት ለመነ፤ እምቢ። እኔ ጓዳ ቆሜ እሰማለሁ። አሁን ዓይናቸውን የጋረደው ሞራው ነው ወይስ እኔ?

ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ። አልተሰወሩብዎትም አባባ፣ የሰወርኳቸው እኔ ነኝ እላለሁ። ይቆጡኝ፤ ከፈለጉም በጭራቸው ይሸንቁጡኝ። ልጅ ነኝ አልልም፤ ቀጠሮ ነበረን አልልም። ለዋሸሁት ይቅር ይበሉኝ፤ የቀረውን ስግደት እኔ እሰግድላቸዋለሁ። ከተማውን ስለወደድኩ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እሳቸውንም፣ እናንተንም! ለሕክምናው ስንሄድ በየደብሩ እጮሃለሁ። ሾፌሩ ይነጫነጭ፣ ወያላው ያላግጥ፣ ሰልፉ እስከ ዓባይ በረሃ ይድረስ፣ እንወርዳለን። ከደብር እስከ ደብር ባለው መንገድ ግን፣ አባባ፣ መስኮቱ የእኔ ነው።