የተለቀሰበት ጠመንጃ

ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር። ጎህ ሲቀድ እንድንይዘው ታዘዝን። ሰዓቱን ስንጠብቅ ምሽግ ውስጥ እንደ ልማዳችን ስለ ጠመንጃ እንከራከር ነበር፤ እኔ የእንጅባራ ልጅ፣ አለኸኝ የግምጃ ቤት ገጠር ልጅ፣ ሁለታችንም ክላሽ ታቅፈን።

አለኸኝ አባቱ ቤት ስላለው ጠመንጃ አውርቶ አይጠግብም። አጭር ነው፤ ከቃታው ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት ይጎርሳል። እኔ ደግሞ እሱን ለመቃወም ረጅሙን ጠመንጃ፣ ቤልጅግን፣ አወድሳለሁ።

«ፈረስ ላይ ሆነህ ቤልጅግ አጉርስ እስቲ! አንተን ዳንግላ፣ ጠመንጃውን ጫግኒ ነው የምንለቅመው» አለኝ።

«ምሽግ ውስጥ ፈረስ የታለ? ተኝተህ ስትተኩስ ቀለበቱ መሬት ይመታል።»

«ታዲያ ማን ተኛ አለህ?»

ሳቅን። ከዚያ ወጣን። አቀበት፣ አቧራ፣ መትረየስ። ረፋድ ላይ ኮረብታው የእኛ ሆነ። አለኸኝ አቀበቱ ላይ ቀረ። ከሰዓት በኋላ መድፍ ቦታውን አረሰው፤ አስከሬኑን አላገኘንም።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፈረስ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ በሐዘንተኛው መካከል ይዞራል። አባቱ አያ ደሴ የሚቀብሩት ስላልነበራቸው የራሳቸውን ፈረስ ጭነው ያንን ጠመንጃ ሰቀሉበት። ሰው ደረቱን የደቃው በዚያ ብረት ፊት ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲው በሚሠራበት ሰሞን፣ አያ ደሴ ቤቴ መጡ። የበሬ ሌባ በዝቷል፤ እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ጎረቤት አሮጌውን ጠመንጃ በክላሽ ልለውጥዎ ብሏቸዋል።

«አንተ ጦር ሜዳ የዋልክ ነህ፤ ምረጥልኝ» አሉኝ።

ሰው ክላሽ ሲያወድስ አሮጌውን ማወደስ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው፤ ሰው አሮጌውን ሲያወድስ ደግሞ ክላሽን። ያን ቀን ግን የሽማግሌው ጥማድ በሬዎች በቃሌ ላይ ቆመው ነበርና ፍልስፍናዬን ዋጥ አደረግሁ።

«የእርስዎ ጠመንጃ ጥይቱ ከገበያ ጠፍቷል። ቤልጅግ ይግዙ እንዳልል፣ እሱ ለሩቅ ነው፤ ሌባ ግን ደጃፍ ላይ ነው የሚመጣው። ክላሽ ይሻላል።»

«ልክ ነህ» አሉ። «አለኸኝስ ምን ይል ነበር?»

«ፈረስ ላይ የእርስዎን የሚያህል የለም ይል ነበር። ተኝቶ መተኮስ አይወድም።»

ሳቁ። «ልጅ ሆኖስ መች ይተኛ ነበር!»

በሌላ ሳምንት ክላሹን ላይላቸው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ያ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሏል። በረቱ ባዶ ነው።

«ተሰረቁ እንዴ?»

«ሸጥኳቸው። መሬቱንም ለእኩል አራሽ ሰጠሁ። ሌባ የሚነዳው ከሌለ ክላሽ ምኔን ይጠብቃል?»

«ጠመንጃውን ቢወስዱትስ?»

«የተለቀሰበትን? እንዲህ የደፈረ ሌባ ከመጣማ ይግባ፣ አሳድረዋለሁ!»

በዚያ ኮረብታ ላይ ከጋንታችን ሰባት ሰው ሞተብን። ስድስቱን በእጃችን ቀበርን። ሰባተኛው ግምጃ ቤት፣ ግድግዳ ላይ ነው፤ አባቱ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘይት ይቀቡታል።