«ሰው ነበረበት»

ፖሊሶች የያዙኝ ደሴ ውስጥ፣ ከመዝገብ ቤት ስወጣ ነው። ጥፋቴን ስጠይቅ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ይነገርሻል አሉኝ።

ያኔ የማጠናው የድሮ የሕዝብ ቆጠራ ነበር። መዝገቡን ብዙ ቦታ ውኃ አበላሽቶታል፤ ከተረፈው ስምና ዕድሜ ተነስቼ በየቤቱ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበር መልሼ አገጣጥም ነበር። ከመንደሮቹ አንዱ ደጋን ከተማ አጠገብ ነው። መሬቱ ለባለሀብት ሊሰጥ መታጠሩን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ኮምቦልቻ ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ የማሽላ አቧራ ይሸታል፣ ሙቀቱ ያፍናል። ጥግ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። የታሰሩት ከዚያው መንደር አልለቅም ብለው ነው። ሥራዬን ስነግራቸው የባላቸውን ስም ጠሩልኝ። ቤቱን አስታወስኩት፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ልጅ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ሰፍቶብኝ ነበር። በመሀል የሞተባቸው ልጅ እንዳለ ጠየቅኳቸው።

ሻሻቸውን አስተካከሉና ስሟን ነገሩኝ።

«ኩፍኝ ወሰዳት» አሉ። «ከቤታችን በላይ ቀበርናት። ቆጣሪው በሕይወት ያለውን ብቻ ንገሪኝ አለኝ።»

በማግስቱ መርማሪው ወረቀት አቀረበልኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቦታው ላይ ሰው ሰፍሮ እንደማያውቅ በጥናቴ አረጋግጬ ከፈረምኩ ለምሳ ደሴ እንደምደርስ ነገረኝ። እምቢ ካልኩ ደግሞ ሥራዬን እንድረሳው።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ «ሰው ነበረበት» ብዬ ጻፍኩና ከነሙሉ ስሜ ፈረምኩ።

«ይህን ጻፊ አላልኩሽም» አለኝ።

«የማውቀው ይህን ነው» አልኩት።

ቀደደውና ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ያንኑ ጻፍኩበት።

ስመለስ የሆነውን ለእናቲቱ ነገርኳቸው። የተቀመጡበትን ምንጣፍ ግማሹን ለቀቁልኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። «እኔም አገርሽ የት ነው ሲሉኝ እዚያው ነው እላቸዋለሁ።»

ከወራት በኋላ ሁለታችንንም ለቀቁን። ሥራዬን አጣሁ፤ ጥናቱን ግን ጨረስኩት። አጥሩ ዛሬም አልፈረሰም። እሳቸውም አልሄዱም፤ ከአጥሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው ማሽላ ይዘራሉ።

አንዳንድ ሰው አልፈራሽም ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። በጣም ፈርቼ ነበር። ግን ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም።