አጎቴ የፈቱት ስፌት

ሰሞኑን ከሶዶ ወደ አረካ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። የጣሪያው ልብስ ተቀዶ፣ ያረጀው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ትከሻችን ላይ ይወርዳል። ሌላው ሰው እየተነጫነጨ ያራግፋል። እኔ ግን በጣቴ አሽቼ አሸተትኩት። ያ የሻገተ ሽታ ወደ ወጣትነቴ መለሰኝ፤ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ወዳለኝ ዘመን።

ያኔ እዚያው ሶዶ፣ አጎቴ ጋሽ ወልዴ ዘንድ የመኪና ወንበር እሰፋ ነበር። አባቴ ሲሞት ከጉራጌ አገር አምጥተው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ጨርቅ በመዳፋቸው አንስተው ኪሎውን ይናገራሉ፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያው ነው። አንድ ሕግም ነበራቸው፤ የዘጉትን ስፌት አይፈቱም። ደንበኛ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ወይ ፍንክች! እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት አሮጌ ትንሽ አውሮፕላን ሶዶ ማረፊያ ሜዳ ላይ ቆመች። የአውሮፕላኗ መካኒክ መርዕድ ሰፊ ፍለጋ እኛ ሱቅ መጣ። ብርድና ድምፅ እንዲከላከል ከውስጥ ግድግዳዋ ኋላ የተለጠፈው ሽፋን ውሃ ጠጥቶ በስብሶ፣ ቆርቆሮዋን መብላት ጀምሯል። ስናወጣው እጃችን ላይ ተበጣጠሰ፤ ብናኙ ክንዴን እሳት አስመሰለው። እያከክሁ፣ ክንፏ ሥር እንደ ድንች የሚቀቀለውን ቦይና በዳጣ እየበላሁ፣ ዓይኔ ሰማዩ ላይ ነበር።

«እጅህ ጥሩ ነው» አለኝ መርዕድ። «አዲስ አበባ ሰፊ እንፈልጋለን። ሐሙስ ስንነሳ ይዤህ ልሂድ?»

የዚያኑ ዕለት ማታ ልብሴን ቋጠርኩ። አጎቴም ይህን ሰሙ። ከዚያ መርዕድ ያመጣውን እሳት የማይዘው አዲስ ሽፋን «ይሄማ ስስ ነው፣ ነውር ነው» እያሉ ደራርበው ይሰፉት ጀመር። እኛ ቤት ሰው የሚቀመጥበት ነገር ሳስቶ አያውቅምና አልገረመኝም።

ከመግጠማችን በፊት መርዕድ ከዝንጅብል ነጋዴ ሚዛን ተውሶ መዘነው። ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ለልጁ የተረፈውን ክብደት ይሄ በላው። ሶዶ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኗ ይህን ሁሉ ጭና አትነሳም። ወይ ይሄ ይሳሳ፣ ወይ ልጁ ይቅር።»

«የዘጋሁትን አልፈታም» አሉ አጎቴ።

ትቻቸው ሄድኩ። ሜዳውን ስዞር ዋልኩ። የዳሞታን ተራራ ደመና ሸፍኖታል። ያሳደጉኝን ሰው በዚያች ቀን ጠላኋቸው።

ስመለስ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ምላጭ ይዘው ስፌቱን ክር በክር ይፈታሉ። ቀና ሳይሉ፣ «ና፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አሉኝ።

ሐሙስ በረርኩ።

አዲስ አበባ ስንት ዘመን ሰፍቼ፣ አንድ ቀን እንደ ዋዛ አንድ ቁራጭ ቆዳ በመዳፌ አንስቼ ኪሎውን ስናገር ድንገት ክው አልኩ። በእጃቸው የሚመዝኑት ሰው፣ ያን ሁሉ ሲደራርቡ ክብደቱን አጥተውት ነው? ልጠይቃቸው ሶዶ ብመጣ በሕይወት አልደረስኩባቸውም።

«አረካ! ወራጅ!» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ልብሱን እያራገፈ ወረደ። እኔ መዳፌ ላይ የቀረውን ብናኝ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። እንድቀርላቸው ፈልገው ነበር። ያን ፍላጎታቸውን ራሳቸው ሰፍተው ዘጉት፣ ራሳቸው ፈቱት፤ ጫፉን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።