የደምያና ግብጦ

ደምያና ምላሷ ጣዕም መለየት ካቆመ ወዲህ የምታምነው ከደንበኛ ፊት የሚመለሰውን ሳህን ነበር። ባዶውን ከተመለሰ ግብጦው ጥሩ ነው፤ ተርፎበት ከመጣ አንድ ነገር ጎድሏል። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማራትም፤ ጭንቀት ነው ያስተማራት።

ነገሩ የጀመረው ያ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰ ወረርሽኝ እስክንድርያን በመታ ጊዜ ነው። ደምያናም እንደ ብዙ ሰው ተኛች፣ እንደ ብዙ ሰውም ተነሳች። ሽታና ጣዕም ግን አብረዋት አልተነሱም። የጎረቤቶቿ ተመለሰላቸውና እሷም ይመለስልኛል ብላ ጠበቀች። ሎሚውም፣ ከሙኑም፣ ያደረው ዓሣም አንድ ሆነባት፤ ሁሉም እርጥብ ወረቀት እንደ ማኘክ።

ሌላ ሴት ብትሆን በቤቷ ተማርራ ዝም ባለች። ደምያና ግን አጣሪን ሰፈር ያለው፣ ሰው ሁሉ ዓም ወይም አጎት የሚለው የነሲም መጠጥ ቤት የጓዳ ሴት ናት። ባሏ ዋህባ በዚያው ቤት አስተናጋጅ ነበር። እሱ ሲሞት ነሲም ሐዘኑ ሳይበርድ መጥቶ፣ ጓዳው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው አላት። ልጅ አልወለዱም። የምታድርባት ክፍል አንዲት ናት፤ መስኮቷም የሚከፈተው ወደ ሌላ ሰው ግድግዳ ነው። ሳቁ፣ ሐሜቱ፣ «ሲት ደምያና፣ እንዴት ዋልሽ» የሚለው ድምፅ ያለው መጠጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ምላሷ መሞቱን ለማንም አልተነፈሰችም። ካወቁ ጓዳውን ትለቃለች። ጓዳውን ከለቀቀች ደግሞ ሰው አይኖራትም።

ያንን ጓዳ ያየ ሰው ከዚያ በሽታ ይወጣል ብሎ አይጠረጥርም። መጥረጊያ ጨርቆቹ በየዕለቱ ይቀቀላሉ። የዓሣው መክተፊያ ሌላ፣ የኪያሩ ሌላ ነው። ማቀዝቀዣው በሆምጣጤ ይታጠባል፣ ጸጉሯም ከሻሽ ወጥቶ አያውቅም። የጤና ተቆጣጣሪዎች መጡ ሲባል ሌሎቹ መጠጥ ቤቶች ቆሻሻቸውን በጓሮ በር ያሸሻሉ፤ ነሲም ግን ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ ጓዳዬ ውስጥ ጉድፍ ያገኘ ቢራው በእኔ ነው ይላቸዋል። ያንን ቢራ የጠጣ የለም።

ግብጦ ግን በንጽሕና ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ከተቀቀለ በኋላ ውኃ ውስጥ ይሰነብታል፣ ውኃውም ጠዋትና ማታ ይለወጣል። መርዙ የሚወጣው ከምሬቱ ጋር ነው። ወጥቷል ወይስ አልወጣም ለማለት አንዷን ፍሬ ልጦ ከመቅመስ ሌላ መላ የለም። ምላስ «አሁን ደርሷል» ሲል ጨው፣ ከሙንና ሎሚ ይነሰነስበትና ከቢራው ጋር ይቀርባል። ደምያና ምላሷን ስታጣ በልማድ ሄደች፤ ድሮ ምን ያህል ይፈጅ እንደነበር እጇ ያውቃል። በዚያ ላይ ሳህኑ አለላት።

ሳህኑ ደግሞ ሁልጊዜ ባዶውን ነበር የሚመለሰው።

ጓዳውን ከጠጪዎቹ ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ የሚሆነውን ግን አታይም። በዚያ ዓመት ነሲም ነጋዴ ቀየረ። የአዲሱ ነጋዴ ግብጦ ፍሬው ወፍራም፣ ምሬቱም እልኸኛ ነበር፤ በድሮው ልክ ቢነከርም አይለቅም። ደንበኞቹ በመጀመሪያው ቀን አወቁ። አንድ ሁለት ፍሬ ቀመሱና ተያዩ። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ከመጠጥ ጋር በነፃ የሚመጣን ሳህን ማማት ነውር ነው፣ ያውም የዋህባ ሚስት እጅ ያዘጋጀውን። ሳህኑ እንዳለ ቢመለስ ሴትዮዋ ታዝናለች አሉ። ከፊሉን ከልጣጩ ሥር ቀበሩት፣ የተረፈውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ኪሳቸው ከተቱት። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን፣ «ሚስቴ ኪሴን የምትፈትሸው የሴት ስልክ ቁጥር ፍለጋ ነው፤ የምታገኘው ግብጦ ነው» ብሎ ቤቱን አሳቀው። እንዲህ እየተሳሳቁ፣ ክፉ ሳያስቡ፣ ለደምያና የቀረቻትን አንዲት መለኪያ አበላሹባት።

ከሁሉም ኡስታ ሙርሲ ባሰ። ሙርሲ ዕድሜውን ሙሉ ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በሙያው «ኡስታ» የሚሉት፣ የዋህባ የልብ ወዳጅ የነበረ ሰው ነው። አንድ ቀን ደምያና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ ነገሩን እንደ ዋዛ አስመስላ፣ ግብጦው እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። ማር ነው አላት። ሌሎቹ ብርጭቋቸው ውስጥ አቀረቀሩ። እሷም ልቧ ቦታው ገባና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የክረምቱ ማዕበል ባሕሩን ያናወጠ ዕለት መንገዱ በጎርፍ ተሞልቶ ከሙርሲ በቀር የመጣ አልነበረም። ደምያና ሥራ ስላልነበራት ሳህኑን ራሷ ይዛ ወጣችና ከፊቱ ተቀመጠች። ስለ ዋህባ አወሩ፤ በሠርጋቸው ቀን ጫማ ከሙርሲ ተውሶ እንዴት ሲያነክስ እንደዋለ አነሱና ሳቁ። ዓይኗ እሱ ላይ ስለነበር ከልጣጭ ሥር መቅበር አልተቻለም፣ ወደ ኪስ መላክም አልተቻለም። ሙርሲ በላ። ሳህኑን ሲጨርስ ደስ ብሏት ሌላ አመጣችለት። እሱንም በላላት።

ብርሃኑ ሳይደክም የሙርሲ ምላስ ከላንቃው ተጣበቀ። ውኃ ጠየቀ፤ ጠጥቶ ደግሞ ጠየቀ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፋብኝ አለ።

«በአንድ ጠርሙስ፣ ኡስታ?» አለው ነሲም ከባንኮኒው እየሳቀ። «ድሮ እኮ ሳጥን ጨርሰህ ትራም ትነዳ ነበር።»

ሙርሲ አልሳቀም። ተነስቶ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጨበጠና፣ እንደ ሥራ ዘመኑ፣ ራምል ጣቢያ የሚወርድ ይውረድ አለ። ነሲም ቀርቦ ፊቱን ሲያይ ሳቁ ከአፉ ደረቀ። የሙርሲ የዓይን ብሌን ተበርግዶ ጥቁሩ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሆስፒታል መርዙን ከሰውነቱ አወጡለት፣ አእምሮውም ተመለሰ። ግራ ዓይኑ ግን በዚያው ጨለመ። ሐኪሙ ለሚስቱ ለናጊያ እንደነገራት ዓይኑ ውስጥ ሳይታወቅ የቆየ ግፊት ነበር፤ ያቀጣጠለው ግብጦው ነው። ምሬቱ ሳይወጣለት የተበላ መሆኑንም አልተጠራጠረም፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱም አስታወቀ።

ወሬው ሲደርሰው ነሲም ጓዳ ገብቶ ግብጦው ከሚነከርበት በርሜል አንድ ፍሬ አፉ ውስጥ ጨመረና ተፋው። ደምያና ፊቱን አየችው፣ እሱም ፊቷን አየ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ግብጦውን ባሕር ዳር በጋሪ ከሚሸጠው ከሸሃታ ገዛነው እንላለን፤ አንቺ ከኪያርና ከዓሣ በቀር የነካሽው የለም አላት። ይህን ሲላት ድምፁ ይለምን ነበር። ደምያና፣ ጋሪው ከተወረሰ የሸሃታ ልጆች ምን እንደሚበሉ አሰበች። ከጓዳው ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድም አሰበች። ሁለቱን አብራ ማሰብ አቃታት።

ተቆጣጣሪው ወጣት ነበር። ቧንቧውን ከፍቶ አየ፣ የማቀዝቀዣውን ጎማ በጣቱ አሻሸ፣ መክተፊያዎቹን ገለባበጠ፣ ጥፍሯን ተመለከተ። የጤና ካርዷን ጠየቀ፤ የታደሰ ነው። ለዚያ ካርድ ሳንባዋን ያያሉ፣ ሰገራዋን ይመረምራሉ፤ ምላሷን የጠየቃት አንድም ሰው የለም። ልጁ የሚጽፈው ጥፋት አጣ። ነሲም የተዘጋጀበትን ተናገረ። ልጁም እስክሪብቶውን አንስቶ የሸሃታ ጋሪ የት እንደሚቆም ጠየቀ።

«ጋሪውን ተወው፣ ልጄ» አለችው ደምያና። «የነከርኩትም ያቀረብኩትም እኔ ነኝ።»

«ሲት ደምያና…» አለ ነሲም ቀስ ብሎ።

«ሳያቀርቡት አልቀመሱትም?» አላት ልጁ።

«ቀመስኩት። ምላሴ ግን ከዚያ በሽታ ወዲህ ሞቷል። አሸዋ ብታጎርሰኝ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም፣ እናቴ?»

የተደረደሩትን ሳህኖች አየች፣ ከዚያ መጋረጃውን።

«የት እገባለሁ ብዬ» አለችው።

ልጁ እንዳለችው ጻፈ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጓዳ አይቼ አላውቅም ብሎ ካርዷን ወሰደ፣ ጓዳውንም ለጊዜው አሸገ።

ደምያና ሙርሲን ልትጠይቅ ስትሄድ በእጇ ምን እንደምትይዝ ጨነቃት። የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ከእሷ እጅ የወጣ ምግብ ግን ማን ይበላል? መንደሪን ገዛች፣ በልጣጩ ስላለ። ናጊያ በሩን ከፍታ በደህና ሳመቻት፤ ፌስታሉን ግን ስትቀበላት ዓይኗን አሸሸች።

«ማር ነው አልከኝ እኮ፣ ኡስታ» አለችው ደምያና እንደተቀመጠች።

«አልኩሽ።»

«መራራ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ብልሽ ጓዳውን ትለቂያለሽ። ለዋህባ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ከዚያ ስለ ኪሱም፣ ስለ ጋዜጣውም፣ ሁሉም ሰው ያደርገው እንደነበር ነገራት።

«ይኸው ለቀቅኩ። አንተም ዓይንህን ከፈልክ። አሁንስ ለዋህባ ምን ልንለው ነው?»

ሙርሲ መንደሪን መላጥ ጀምሮ ነበር፤ ጣቱ ቆመ። ናጊያ ከበሩ ሥር አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

ጓዳው ሲከፈት ነሲም ነዋል የምትባል ወጣት ቀጠረና ለደምያና መልእክት ላከላት፤ እንደ እንግዳ መጥተሽ ተቀመጪ፣ ወንበርሽ አለ አላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄደች። ወንዶቹ ሁሉ ተነሱላት፣ ወንበር ለመሳብ ተጋፉ፣ ከልክ በላይ ደግ ሆኑባት። ነዋል ያዘጋጀችው ግብጦ ጠረጴዛው መሐል ነበር። እሷ እዚያ ሳለች እጁን የዘረጋ አልነበረም። ልብስ ሰፊው እንኳ ቀልድ አጣ። ደምያና ሻይዋን እስከ ግማሽ ጠጣችና ተነሳች።

«ብሉ» አለቻቸው። «ከመረራችሁ ደግሞ ለልጅቷ ንገሯት። ገና ወጣት ናት፣ ትማርበታለች።»

እሺ ያላት ሙርሲ ብቻ ነው። በሩ ድረስ ሸኛት፤ በግራው በኩል ያለውን ደረጃ ስላላየው ክንዱን ደግፋ ያወረደችው ግን እሷ ነበረች።