ላህን የተሻገርንበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት አንድ የውሃ ባለሙያ ወደ ጎረቤቴ የውሃ ጉድጓድ ገመድ አውርዶ ሲለካ ቆየና፣ ወንዝ የሚሞላው ዝናብ በመጣ ቀን ሳይሆን መሬት በጠገበ ጊዜ እንደሆነ አስረዳን። ይህንስ እኔ ከጣሊያን ጊዜ፣ ገና ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ በመንደራችን አጠገብ ያለችው ፍኖተ ሰላም ወጀት ትባል ነበር። አርበኛው ወንድሜ ደሴ ጭኑን ተመትቶ ከጓዳችን ተኝቷል። በግንቦት መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ከቡሬ የተነሡ ወታደሮች ቤት ለቤት እየፈተሹ ወደ መንደራችን እንደሚመጡ ተሰማ። ደሴን በቃሬዛ ከላህ ወንዝ ማዶ ማድረስ ነበረብን። ድልድዩ ጠባቂ አለበት፤ የቀረን በእግር የሚሻገሩበት መልካ ብቻ ነው። ሌሊቱን ደግሞ ከባድ ዝናብ ሲወርድ አድሯል።

የእናቴ ወንድም አያ ውበቱ አልተደናገጡም። የግንቦት ዝናብ መጀመሪያ የሚያጠጣው በበጋ የተሰነጠቀውን መሬት ነው፤ ወንዙ ቶሎ አይደርሰውም። መሬቱ ከጠገበ ወዲያ ግን ትንሽ ዝናብም ይሞላዋል። ምልክታችን ከመንደሩ በላይ ያለው፣ መሬት ሲጠግብ ብቻ የሚፈነዳው የክረምት ምንጭ ነበር። እሱ ከፈነዳ መልካው አይታመንም።

«ሂጂ እይና ነይ» አሉኝ። «ፈንድቶ ከሆነ ዋሻ እናስገባዋለን፤ ቁስሉ ብርዱን ከቻለው።»

ጭቃው እግሬን እየያዘኝ ሮጥኩ። አየሩ እርጥብ አፈርና ግራዋ ይሸት ነበር። ምንጩ ጋ ሳልደርስ፣ በቡሬ በኩል ካለው ጋራ ላይ የሰውና የበቅሎ ሰልፍ አየሁ። ፈርቼ ተመለስኩ።

ወታደሮቹ መቅረባቸውን ነገርኳቸው።

«ምንጩስ?» አሉ አያ ውበቱ።

«ደረቅ ነው።»

«ደርሰሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ደሴ ከቃሬዛው ላይ ሆኖ ሳቅ አለ። «እንግዲህ ብሰጥም አልቃሿ አንቺ ነሽ፤ ድምፅሽ ግን ለለቅሶ አይሆንም።»

ቃሬዛውን ከተሸከሙት ሰዎች ኋላ ቁልቁለቱን ወረድኩ። እናቴ ለመንገድ ያስያዘችኝን የገብስ ቆሎ ጨብጬ አንዲት ፍሬ አልቆረጠምኩም። የወንዙ ድምፅ ሲሰማ ምንጩ ጋ አለመድረሴን ልናገር ቀረብ አልኩና ተመልሼ ወደ ኋላ ቀረሁ። አያ ውበቱ በዱላቸው እየለኩ ቀድመው ገቡ። ውሃው ደፍርሷል እንጂ ከጉልበታቸው አላለፈም። ተሸካሚዎቹ ተከተሉ። ደሴ ማዶ ደረሰ።

ድኖም ሸመገለ። አያ ውበቱ እስኪሞቱ ድረስ «የሷ ዓይን አይስትም» ይሉ ነበር። የደሴ ልጆች ዛሬም፣ አባታችንን ያተረፈች እያሉ ጉልበቴን ይስማሉ። ወንዙ ያልሞላው መሬቱ ገና ስላልጠገበ ነው፤ እኔ አይቼ አይደለም። ይህን ለደሴ መንገር ነበረብኝ። አምና ቀበርነው።