ከጣቶቿ የቀሩት ነጭ ሕዋሳት

ባለፈው ሰኞ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ አንድ የደም ውጤት ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። «ጋሼ፣ ሴትየዋ የቁርጥማት መርፌ ጀምራለች፤ ነጭ የደም ሕዋሷ ግን ጨምሯል። መድኃኒቱ የሚቀንሰው አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም እዚሁ ጋምቤላ፣ ፀጉሬ ሳይሸብት፣ ጠይቄዋለሁ።

ከኮሌጅ ወጥቼ እዚህ የተመደብኩ ሰሞን ነው። እንግዳ ግን አልነበርኩም፤ ወላጆቼ በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው አቦቦ በኩል በቆሎ የሚያርሱ ናቸው። ሲወልዱኝ የተቀበለችኝ ሲስተር አሪየት የምትባል አኝዋክ አዋላጅ ነበረች፤ ተመድቤ ስመጣ እዚያው ሥራዋ ላይ አገኘኋት። «አንተን እኮ እኔ ነኝ ያወጣሁህ። በእግርህ ቀድመህ ነው የወጣኸው። አሁን ደግሞ ደሜን ትወስዳለህ!» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ቀልዷ አልተለያትም እንጂ እጇስ ከድቷታል። ጣቶቿ አብጠው ጠዋት ጠዋት ጓንት ማጥለቅ ያቅታታል። ብቸኛ ልጇ ጎግ ወረዳ አግብታ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። የሰውን ልጅ ሁሉ ሲቀበል የኖረ እጅ የራሱን የልጅ ልጅ ሳይቀበል እንዳይቀር፣ አሪየት የምትለምነው ይህን ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት አዲሱን የቁርጥማት መርፌ አዘዘላት። መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን በአውሮፕላን ይመጣል፤ እኔ ሣጥኑን ጭኔ ላይ ይዤ በባጃጅ አደርሰዋለሁ። የማንጎ ወቅት ስለነበር መንገዱ ዳር የወደቀው ፍሬ ከሙቀቱ ጋር እየቦካ ይሸታል። በረዶው እንዳይቀልጥ ስጨነቅ ሹፌሩ ይስቅብኛል።

ሁለት ሦስት መርፌ እንደወሰደች እብጠቱ ጎደለ። አንድ ቀን ምሳ ላይ የባሮ ወንዝ ዓሣን እሾህ በጣቶቿ እየለቀመች ሥጋውን ወደ እኔ ገፋችው። «ብላ» አለችኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፍርበትም።

ደሟን ሳየው ግን ደነገጥኩ። ነጭ ሕዋሳቷ ከበፊቱ በዝተዋል። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። የደም ካንሰር እየመሰለኝ ስፔሻሊስቱ ዘንድ ደወልኩ።

«አትፍራ» አለኝ። «ነጭ ሕዋስ ደም ውስጥ መንገደኛ ነው። በዚህ በሽታ መገጣጠሚያው ሳያቋርጥ ይጠራዋል። ከደም ሥር ሾልኮ ይወጣና እዚያ ተከማችቶ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። መርፌው በላብራቶሪ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ጥሪውን የሚያደርሰውን ንጥረ ነገር ይዞ ያስቀረዋል። ሕዋሳቱ ጠሪ ሲያጡ ደም ውስጥ ቀሩ እንጂ አልበዙም።»

ለአሪየት ነገርኳት። ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው። «እዚያው ይቀመጡ» አለች። «ጣቴ ላይ ሥራ የላቸውም።»

ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ። አሪየት ማሳል ጀመረች፤ ማታ ማታ ያተኩሳታል፣ ያልባታል። በእኛ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነውና ወባ ፈለግን፤ የለም። አክታዋን እኔው ቀለም ነክሬ ማይክሮስኮፕ ሥር አየሁት። ቀያዮቹ የሳንባ ነቀርሳ ዘንጎች ነበሩ። መርፌውን ሳትጀምር ደረቷን ራጅ ተነሥታ ንጹሕ ነው ተብሎ ነበር።

ለስፔሻሊስቱ ደወልኩ። «ድሮ ገብቶ ተኝቶ የኖረ ይሆናል» አለኝ። «ነጭ ሕዋሳት ዙሪያውን ከበው፣ አጥር ሆነው ነው የሚያስተኙት። አጥሩ የሚቆመው መርፌው ባስቀረው በዚያው ጥሪ ነው። መርፌው ዛሬውኑ ይቁም።»

«አንድ መርፌ ብቻ» አለችኝ አሪየት ስነግራት። «ልጄ እስክትወልድ።» ከዚያ ግን እሷው ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «አይ። ሕፃኑ ላይ እስልበታለሁ።»

የነቀርሳውን ክኒን ጀመረች፤ መርፌው ቀረ። ጥሪው ወደ ጣቶቿ ተመለሰ፤ ሕዋሳቱም ተከትለውት ሄዱ። በየጊዜው የምቆጥረው ደም ወደ ልኩ ወረደ። እንደዚያን ጊዜ ጤናማ ቁጥር ጠልቼ አላውቅም።

ልጇ ከጎግ መጥታ ስትወልድ አሪየት ሳሉ ለቋት ነበር፤ እጇ ግን ተጨብጦ ቀርቷል። አፏን ሸፍና፣ እጆቿን ብብቷ ሥር ከትታ፣ ራስጌ ቆማ በአኝዋክኛ ታበረታታት ነበር። ሕፃኗን ሌላ አዋላጅ ተቀበለች።

ለወጣቱ ባልደረባዬ የስፔሻሊስቱን ቃል ደገምኩለት፤ «ታስላለች ወይ ብለህ ግን ጠይቅ» አልኩት። መድኃኒቱን አላማርርም፤ ስንቱን አልጋ ላይ የቀረ አስነሥቷል። እኛ ግን ሕዋሳቱ ወደ ጣቷ ባለመሄዳቸው ስንደሰት፣ ሌላ ወዴት እንዳልሄዱ ያሰበ አልነበረም።

ሲስተር አሪየት ካረፈች ቆይቷል። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ መሃል አንዲት ኮረዳ ሰላም አለችኝ፤ ያቺ ሕፃን ናት። ስለ አያቷ ስናወራ ሳቀች። «አያቴ እኮ ኮስታራ ነበረች። ስታቅፈኝ በክርኗ ነው፣ እንዲህ አድርጋ። በመዳፏ ዳስሳኝ አታውቅም» አለችና ሁለት ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አሳየችኝ።

«እጇን የሰጠችው ላንቺ ነው» አልኳት። አልገባትም።