ጠጉሩን ያልጣለ ቅል

ባለፈው ቅዳሜ መሳለሚያ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጄሪካን ክምር አጠገብ ቅል የምትሸጥ ሴት አየሁ። ልገዛ አላሰብኩም። እጄ ግን ሳያማክረኝ ሄዶ አንዱን ዳበሰ። ለስላሳ ነው፤ በደንብ ደርሷል። «እትዬ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አለችኝ ሻጯ። የምፈልገውን ልንገርሽ ብል ታክሲው ያመልጠኝ ነበር።

እናቴ መርካቶ ውስጥ ቅልና ሰፌድ ትነግድ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከፊት ለፊታችን ካለው የአጎቱ ሱቅ ተካ የሚባል የጉራጌ ልጅ ሳህንና ብርጭቆ ይሸጣል። እንዋደድ ነበር። አገሩ ደርሶ ሲመለስ የቅል ፍሬ ይዞ መጣና ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ከቤታችን አጥር ስር ተከለው። በእናቱ ቤት ወግ፣ ሽማግሌ ወደ ሴቷ ቤት የሚሄደው ወንዱ ራሱ ያበቀለውን ቅል ቅቤ ሞልቶ ይዞ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ሐረጉን ስጠብቅ ከረምኩ። ነጩ አበባ ረገፈ፤ ቅሉ ወጣ። ለጋ ቅል እንደ ጥጃ ጆሮ ስስ ጠጉር አለው፤ ሲበስል ጠጉሩን ይጥልና ይለሰልሳል። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ በአውራ ጣቴ እዳብሰው ነበር። እጅ ላይ የሚቀረው ሽታ ደስ አይልም፤ እኔ ግን ወደድኩት።

መስቀል እንዳለፈ አጎቱ አዋሳ ሱቅ ከፈተና ተካን ሊልከው ወሰነ። ተካ ሳይሄድ ሽማግሌ ሊልክ ፈለገ። ቅሉን ከነጠጉሩ ቆርጦ፣ እንድታደርቅለት ለእናቴ ይዞላት መጣ።

እናቴ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። «ልጄ፣ ጠጉሩን ያልጣለ ቅል ሲደርቅ ይጨማደዳል» አለችው።

«እትዬ፣ እሱ እስኪለሰልስ እኔ የለሁም።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችና ተቀበለችው።

ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ቅል በሳምንቱ ተጨማደደ። ተካ ለከርሞ መጥቼ ሌላ አበቅላለሁ ብሎኝ በጭነት መኪና ሄደ። አልዋሸኝም፤ ሲናገር ራሱም አምኖት ነበር። አዋሳም አጥር አይጠፋ፣ እዚያው ትዳር ያዘ።

እሱ ከሄደ በኋላ ቅጠሉ ሲደርቅ፣ ተደብቆ የኖረ ሌላ ቅል ብቅ አለ። አንድ ጠጉር የለውም። አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። እናቴ ቅሉን ቆርጣ፣ ውስጡን ፈልፍላ አደረቀችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ደግ ሰው አግብቼ ወልጃለሁ፤ በኑሮዬ አላማርርም። ተካ ግን ዛሬም ይናፍቀኛል። ቅሉ ቁም ሳጥኔ ላይ ተቀምጧል፤ ስዳብሰው ኖሬ ይበልጥ ለስልሷል። ልጆቼ ጥራጥሬ ካላደረግንበት ሲሉኝ ቅቤ ይገባበታል እላቸዋለሁ። ማን እንደሚሞላው ጠይቀውኝ አያውቁም።